«በሞቴ» ማለት ያቆምኩበት ዓመት

የ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ሐሙስ ዕለት ነበር የዋለው። ጠዋት ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ጸበል ተረጭተን ተመልሰናል፤ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል፤ የእናቴ ዶሮ ወጥ ቀርቧል። ልጄ ማሙሽ ያኔ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። ቡና ልቆላ ጓዳ ገብቼ ስመለስ አክስቴ ጭኗ ላይ አጋድማ ይዛዋለች። በግራ እጇ ሁለት እጆቹን ጠቅልላ፣ በቀኟ ወጥ የጠጣች ትንሽ ጉርሻ ይዛ «በሞቴ! ይቺን ብቻ! አፈር ስሆንልህ!» ትለዋለች። እሱ አፉን ግጥም አድርጎ አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል። በመጨረሻ ለማልቀስ አፉን ሲከፍት ጉርሻዋ ገባች።

ወዲያው ወደ ላይ አለው። ጠዋት የጠጣውን ወተት ሁሉ ነጩ ቀሚሷ ላይ አስመለሰው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ማንኪያ ባየ ቁጥር ፊቱን በክንዱ ይሸፍን ነበር። ጡጦውን እንኳ የሚቀበለኝ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ብቻ ነው።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። በልጅነቴ ወባ ጥሎኝ እህል ሲያስጠላኝ አዘዞ ቤቷ አስተኝታ በጉርሻ ያነሣችኝ እሷ ናት። ያን ዕለት ያደረገችውን ደግሞ እኔ ራሴ ለወራት በየቀኑ ሳደርገው ነበር። ልዩነቱ እኔ በሬን ዘግቼ ማድረጌ ነው።

ማራኪ ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ አለኝ። ማሙሽ አብሮኝ ስለሚውል ምሳውን እዚያው ነው የሚበላው። የሪፈር ወረቀትና የምርመራ ውጤት ኮፒ ሊያስደርጉ የሚገቡ እናቶች ልጃቸውን እንዳዘሉ ቆመው ሲበላ ያዩታል። «የእኔ አይበላልኝም» ይሉና ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ወረፋ እያለ ለእያንዳንዷ ሁሉንም መንገር አልቻልኩም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ማሙሽ የተወለደው በሐምሌ 2013፣ በ31 ሳምንቱ ነው። 1 ኪሎ ከ400 ግራም። ልጅ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት የሚችለው ወደ 34 ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ወተቴን በእጄ አልቤ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነበር የሚሰጠው። 35 ቀን ሆስፒታል ቆየን። ቀኑን ደረቴ ላይ ቆዳ ለቆዳ አጣብቄው እውላለሁ። ቱቦው እንዳይወጣ ጉንጩ ላይ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ሲቀየር ቆዳው ቲማቲም ይመስላል። ምራቅና ንፍጥ ሲበዛበት በማሽን ይመጠጣል። እነዚያ ነርሶች ልጄን በሕይወት ሰጥተውኛል፤ እስከ ዛሬ ስማቸውን በጸሎቴ እጠራለሁ። ግን ያ ሁሉ ለትንሿ አፉ ምን እንዳስተማራት ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

በስድስት ወሩ ተጨማሪ ምግብ ጀመርኩለት። የአጃ አጥሚት አቅጥኜ፣ የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ሰፋ አድርጌ። ጠጣው። ደስ አለኝ። በዘጠኝ ወሩም፣ በዓመቱም ያንኑ አጥሚት ነበር። ገንፎ ስሰጠው ምላሱ ላይ አንዲት ጓል ካገኘ አበቃ፤ ያለችውንም የሌለችውንም ያወጣል። ስለዚህ እያጠለልኩ፣ እየፈጨሁ አቀጠንኩለት። ኋላ እንደተረዳሁት ልጆች ከ9 እና ከ10 ወራቸው በፊት ጓል ያለው ምግብ ካልለመዱ ኋላ መልመዱ ይከብዳቸዋል፤ ቀድመው ለተወለዱት ቆጠራው መወለድ ከነበረባቸው ቀን ይጀምራል። እኔ ያዘንኩለት መስሎኝ ያንን በር ዘጋሁበት።

ከዚያ መጋት መጣ። በዚህ ቃል ላይ መዋሸት አልፈልግም። እግሩን በእግሬ መሐል፣ እጁን በክንዴ ሥር ይዤ ጋትኩት። ያ ሲያቅተኝ ስልኬን ከፊቱ አቁሜ ካርቱን እከፍታለሁ፤ አፉ በመደነቅ ክፍት ሲል ማንኪያውን አስገባለሁ። አንድ ምሳ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሁለታችንም በላብና በእንባ ርሰን ነው የምንነሣው። ጥምቀት ሲደርስ ክብደቱ 8 ኪሎ ከ200 ነበር። የክንዱ መለኪያ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ቢጫው ላይ ቆመ። ከ11.5 በታች ቢሆን ቀዩ ነው።

ምክር ደግሞ ሞልቷል። ጎረቤታችን «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አለች። በአገራችን ስንት ሕፃን በዚህ ደሙ እንደፈሰሰና ቁስሉ እንዳመረቀዘ ስለማውቅ አይሆንም አልኩ፤ እናቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ጸበል ወስጄዋለሁ፣ አሁንም እወስደዋለሁ። አንድ ባለሙያ ደግሞ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ «ሲርበው ይበላል» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ። ለብዙ ልጅ እውነት ነው። መብላትን የሚፈራ ልጅ ግን ረሃቡን ችሎ ይቀመጣል። አራት ቀን ዓይኔ ሥር ተቀምጦ አይቻለሁ።

መንገዱ የተከፈተልኝ ከሥራዬ ነው። የካቲት ላይ አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥናቱን ሊያስጠርዝ መጣ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው የሚማረው። ሰው የዕለት ኑሮውን፣ ልብስ መልበሱን፣ መታጠቡን፣ መብላቱን ራሱ እንዲችል የሚረዳ ሙያ ነው። ገጾቹን ሳስተካክል አንዱ ርዕስ ላይ መመገብ ስለሚያስቸግራቸው ሕፃናት የሚል አየሁ። እጄ ቆመ። «ወንድሜ፣ ይሄን የሚያክም ሰው አለ እንዴ?» አልኩት። በማግስቱ አንዲት ባለሙያ ዘንድ ወሰደኝ።

የመጀመሪያው ቀን ልጁን አልነካችውም። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ዋለች። ሲጠጣ ያስለዋል? ከጠጣ በኋላ ድምፁ እንደ ራሰ ነገር ይንኮራኮራል? ፊቱ ይጠቁራል? የሳንባ ምች ተደጋግሞበታል? ሆዱ ይደርቃል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ፣ ወይም ሌላ ሕመም ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያየው ማንኪያ አይነሣም አለች። (ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ እነዚህን ጥያቄዎች ለልጃችሁ እባካችሁ ጠይቁ።) ደም አስመረመረችው፤ የብረት ማነስ ተገኘበት። ደም ማነስ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሽሮፕ ታዘዘለት።

ከዚያ «እስቲ ቤት እንደሚያደርጉት ያብሉት» አለችኝ። ያመጣሁትን አጥሚት አወጣሁ። እሷ የልጁን አፍ ሳይሆን የእኔን እጅ ነበር የምታየው። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ «እጅዎን ያውርዱ» አለች፤ በቀስታ፣ እንደምትለምን ሆና።

አወረድኩ። ማሙሽ ትከሻው ዝቅ አለ። ትከሻው እንደዚያ ወደ ጆሮው ተሰቅሎ እንደነበር ያየሁት ሲወርድ ነው።

«ለ35 ቀን» አለችኝ፣ «ወደ ፊቱ የመጣው እጅ ሁሉ የመጣው ወይ ፕላስተር ሊልጥ፣ ወይ ሊመጥጥ፣ ወይ ቱቦ ሊያስገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማንኪያ ይዞ። እጅ ሲመጣ አፉን መዝጋቱ እልህ አይደለም፤ የተማረው ነው። አሁን ሌላ እናስተምረዋለን።»

እኛ ሰዎች እኮ ፍቅራችንን በእጃችን ነው የምናጎርሰው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል ተብለን አድገናል። የማጎርሰውን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ልጄ ባዶ ሆዱን ከማዕድ ሲነሣ ማየት ከምጥ የከፋ ነበር። ሌሎቹ የሰጠችኝ መመሪያዎች ከዚህ አንጻር ቀላል ናቸው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ እኔ እወስናለሁ፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ እሱ ይወስናል። ኋላ ሳነብ ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስተማረችው እንደሆነ አየሁ። ማዕድ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። በምግብ መሐል ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ቀኑን ሙሉ ጡጦ እየጠቡ መዋል የለም፤ ውኃ ብቻ። ስልክ የለም። ከእሱ ምግብ ጋር እኛ የምንበላው ነገር አንድ ቁራጭ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ብላም አትብላም አይባልም። አዲስ ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ማየትና መሞከር ሊፈልግ ይችላል። እኔ ሁለቴ ሞክሬ «ይሄን አይወድም» ብዬ የተውኩት ስንት ምግብ ነበር።

አቀማመጡንም ቀየርን። ጭኔ ላይ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ነበር የሚበላው፤ እግሩ አየር ላይ ነው። «እርስዎ እግርዎ ተንጠልጥሎ ቢበሉ ሆድዎ ይረጋጋል?» አለችኝ። እግሩ ካልረገጠ ወገቡ አይጸናም፣ ወገቡ ካልጸና አንገቱ፣ አንገቱ ካልጸና መንጋጋው እንደ ልቡ አይሠራም። የሕፃን ማብያ ወንበር የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። ሱቅ ያለውን ፕላስቲክ ወንበር አመጣሁ፤ ከጀርባው ጋቢ አጣጥፌ ደገፍኩት፤ ከእግሩ ሥር አምስት ደስጣ ወረቀት ደረደርኩ። ጉልበቱ ልክ ታጠፈ፣ እግሩ ረገጠ። ያን ቀን ሳህኑ ላይ ያለውን ድንች በጣቱ ጫን አደረገው፤ አልበላውም፣ ግን ነካው። ደስጣዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ሲያድግ አንዱን አወጣሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን። አሁን ሦስት ላይ ነው። ከክብደት መለኪያው ይልቅ እነሱን ማየት ይቀናኛል።

የሥራው ዋና ክፍል ግን ከመጉረስ በፊት ያለው ነው። ማየት፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ መንካት፣ ማሽተት፣ ከንፈር ላይ ማድረስ፣ መላስ፣ ነክሶ መትፋት። መትፋቱም እርምጃ ነው። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ተጋጨን። «እህል ጡር አለው፤ በእህል አይጫወቱም» አለች። ልጁ ሹሮ ላይ ጣቱን ነክሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀባ ልቧ ሊቆም ይደርሳል። እናቴን ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ለባለሙያዋ ብነግራት «እናትዎ ልክ ናቸው። መጫወት አይበሉት፤ ሥራ ያሥሩት» አለችኝ። ይህን ስነግራት እናቴ ዝም ብላ አሰበች። «እንግዲያ እንጀራ ስጋግር አምጪው» አለች።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል። ሕፃን ጾም የለበትም፤ ይህን እናቴም ታውቃለች። ግን በጾም ድስት እንቁላል እንዴት ይሠራ? ብዙ ቤት ልጆች በጾም ወራት እንቁላልና ቅቤ የማይሰጣቸው በክፋት አይደለም፣ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ነው። እናቴ ራሷ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ገዝታ መጣች። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰረችባት። የማሙሽ ድስት ሌላ ቦታ ታጥባ ሌላ ቦታ ትሰቀላለች። የደም ማነሱን የረታነው በሽሮፑም በዚያች ድስትም ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ የተዋወቅኳቸውን ወላጆች አልረሳቸውም። ከደምቢያ የመጣች እናት ነበረች፤ ልጇ ላንቃዋ ክፍት ሆኖ ስለተወለደች ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለሳል። አቁማ ይዛ፣ በትንሽ ሲኒ፣ ትንሽ ትንሽ እያሳረፈች መስጠትን ተምራ ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ልጇን አሳደገች። ከወገራ የመጣችው ደግሞ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ አዝላ ነው የምትመጣው። አንጋላ ስታበላው ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞታል። አሁን አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጋ፣ ወፈር ያለ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ታበላዋለች። «ሞቱን በእጄ ሳበላው ኖሬ ኑሯል?» ብላ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አባት ደግሞ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ልጁ ከአንድ ዳቦ ቤት የሚወጣ ነጭ ዳቦ ብቻ ነው የሚበላው፤ ቅርጹ ከተበላሸ ያንንም አይነካም። ዳቦውን መጀመሪያ በጥቂቱ አሞቀው፣ ቀጥሎ ለሁለት ቆረጠው፣ ቀጥሎ ጠርዙን ማር አስነካው። አባት ብቻውን እንዲህ ሲለፋ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቴ በየሦስት ቀኑ ትጋግራለች፣ መብራት ካልጠፋ። ማሙሽን ከምጣዱ ራቅ አድርገን በርጩማ ላይ እናስቀምጠውና በትንሽ ሳህን ሊጥ እንሰጠዋለን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቱን ሊጥ ሲነካው እሳት እንደነካው ይመነጭቀውና በእናቴ ቀሚስ ይጠርጋል። ሚያዝያ ላይ አንድ ጣት። ግንቦት ላይ መዳፉን ሙሉ ነክሮ ሊጡ በጣቶቹ መሐል ሲወርድ ያያል። በመጨረሻ እናቴ ቡሃቃው ሥር የቀረውን አሟጣ ትንሽ እንጎቻ ታወጣለታለች፤ የእጅ መዳፍ የምታክል። «ይቺ የማሙሽ ናት» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም።

እንጎቻዋን ይይዛታል። ዓይኖቿ ላይ በጠቋሚ ጣቱ አንድ በአንድ ይነካል። ያሸታል። ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ብርሃኑ በዓይኖቿ ሲያልፍ ያያል። ትቀደዳለች፣ ትወድቃለች፣ ያነሣታል። አንድ ቀን ጠርዟን ላሰ። ሌላ ቀን ነክሶ ተፋ።

ሰኔ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ፣ ጠርዟን ነከሰና አልተፋም። አገጩ ዞረ። ምላሱ ቁራሹን ወደ ጎን፣ ወደ መንጋጋው ሲወስዳት በጉንጩ ላይ አየኋት። ያቺን እንቅስቃሴ ለወራት ስንለማመዳት ነበር፤ የሙዝ ቁራጭ በጉንጩ በኩል ወደ መንጋጋው እያስጠጋን። አንዴ ወደ ላይ ሊለው ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልተንቀሳቀስኩም። በልጅ ላይ ወደ ላይ ማለትና መታነቅ አንድ አይደሉም፤ ድምፅ ካለ፣ ፊቱ ከቀላ፣ ሰውነቱ ራሱን እየጠበቀ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ነው መሮጥ። ዋጠ።

በልቶ ሲጨርስ አይጨበጨብም ተብለናል፤ መብላት ለእኛ የሚያደርገው ትርኢት እንዳይሆንበት። እናቴን አየኋት። እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ነጠላዋን ጎትታ አፏ ላይ ጣለች፣ ጀርባዋን ሰጠችን፣ ባዶ ምጣድ ትወለውል ጀመር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ማሙሽ ሁለተኛ ነከሰ።

ከነሐሴ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። መንገድ የማይወጣበት ቀን በዛ፣ የሞባይል ዳታም ተዘጋ፣ ቀጠሮው ተቋረጠ፤ በያዝነው ነገር ብቻ ቤታችን ቀጠልን። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ወር ሙሉ ከእንጎቻና ከድንች በቀር አልነካም ያለበት ጊዜ ነበር። አሁን አራት ዓመት አልፎታል። ፍትፍት፣ ቂንጬ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አቮካዶ ይበላል። ሥጋ ይተፋል። ገንፎን እስካሁን አያየውም፤ ግድ የለም፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ በማንኪያ ጫፍ ማስቀመጤን አልተውኩም።

የ2017 ጥምቀት አክስቴ መጣች። ከመግባቷ በፊት በር ላይ አቁሜ ልነግራት የተዘጋጀሁትን ነገር እናቴ ቀድማ ነግራታለች። ማሙሽ ወንበሩ ላይ፣ እግሩ ደስጣው ላይ። አክስቴ ጎኑ ተቀመጠች። ከእንጀራው ቆርሳ፣ በዶሮ ወጡ ነክታ፣ ጠቅልላ ትንሽ ጉርሻ ሠራች። እጇ በልማዷ ተነሣ። መሐል ላይ ቆመ። ጉርሻዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሌላው እጇ ያዘችው።

ማሙሽ ጉርሻዋን አየ፣ አክስቴን አየ። በጣቱ ገፋ አደረጋትና ድንቹን መብላት ቀጠለ። ወጡ ወደ ድንቹ ሲፈስ አላባረረውም። አክስቴ ዓይኗን አልነቀለችም፣ አንድ ቃልም አልተነፈሰች። ቡናው ሦስተኛ እስኪጠጣ ድረስ ጉርሻዋ እዚያው ሳህኑ ላይ ነበረች።